በ«ሚ» የሚጀምር ዘፈን

ኪኑኮ፣ ባሏ ቶዮዞ ቤት ውስጥ የሚያውቃቸው ቃላት ሦስት ብቻ ናቸው ትል ነበር፤ ምግብ፣ ገላ፣ መኝታ። በእኛ ዕድሜ ያገባን ሴቶች ሁሉ ስለ ባሎቻችን እንዲሁ ነው የምናወራው፤ እያወራንም እንስቃለን። ኪኑኮ ግን ይህን ስትል ስቃ አታውቅም።

እኔና እሷ አንድ ሰፈር ተወልደን፣ አንድ ትምህርት ቤት ተምረን፣ አንድ ከተማ ያረጀን ነን። ቶዮዞን ስታገባ ሚዜዋ ነበርኩ። ሰውየው በአኪታ ባሕር ዳርቻ፣ በከተማችን ትልቁ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ የመጋዝ ሠራተኛ ነበር። መጋዙ ከጊዜ በኋላ ጆሮውን ጎዳው። ጆሮው ስለደከመ ሲናገር ይጮኻል፤ ሲጮኽ ሰው ይደነግጣል፤ ሰው ሲደነግጥበት ጊዜ ዝምታን መረጠ። ይህ የኪኑኮ ማብራሪያ ነው። የኔ ባል በሕይወት ሳለ «ተይው እባክሽ፣ የሚለው ስለሌለው ነው» ይል ነበር። የቱ እውነት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን ቶዮዞ ሌላ ሰው ነው። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ሂሳዮ የምትባል ሴት ካራኦኬ ቤት፣ ማሽን ዜማውን እያጫወተ ሰው የሚዘፍንበት ቤት፣ አላት። በፊት የማታ ጠጪዎች ቤት ነበረ፤ መሰንጠቂያው ተዘግቶ ወጣቶቹ ሲሰደዱ ጠጪው አለቀ፤ ሂሳዮም ለእኛ ለሽማግሌዎቹ ቀን ቀን መክፈት ጀመረች። ሻይ አለ፣ በጭስ የደረቀ ፍጁል አለ፣ ሁለት ማይክሮፎን አለ። የዘፈኖቹ መጽሐፍ እንደ ስልክ ማውጫ የወፈረ ነው፤ ዘፈኖቹ የተደረደሩት በርዕሳቸው የመጀመሪያ ፊደል ነው። ዛሬ ዛሬ በጣት የሚነካ ነገር መጥቷል ይላሉ፤ ለእኛ ዓይን ግን መጽሐፉ ይሻለናል።

የሐሙስ ደንባችን እንዲህ ነበር። ሂሳዮ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ፊደል የተጻፈባቸው የእንጨት ቁርጥራጮች የያዘ ጣሳ ታመጣለች። አንዳችን እጃችንን ከትተን አንዱን እናወጣለን። «ካ» ከወጣ ያን ቀን ሰው ሁሉ የሚዘፍነው በ«ካ» የሚጀምር ዘፈን ብቻ ነው። ዘፈን ያጣ ሰው ደግሞ ለሌላው ሻይ ሲቀዳ ይውላል። ቀላል ፊደል ሲወጣ ሁሉም ዘፋኝ ነው። ክፉ ፊደል ሲወጣ ነው ሰው የሚለየው። አንዴ «ሩ» ወጣች። በእኛ ቋንቋ በ«ሩ» የሚጀምር ነገር እንደ በጋ በረዶ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ጌንኪቺ፣ ከቶዮዞ ጋር ሁልጊዜ የሚፎካከረው፣ ደስ አለው።

«ዛሬ እንኳ ሻይ ቀጂ ትሆናለህ» አለው።

«ኩባያህን ራስህ እጠብ» አለ ቶዮዞ፤ መጽሐፉንም ሳይገልጥ የዘፈኑን ቁጥር ለሂሳዮ ነገራትና ተነሣ።

ድምፁን ለማያውቅ ሰው መንገር ይከብደኛል። ወፍራም ነው፤ ግን ጫፉ ላይ ይንቀጠቀጣል። ቤት ውስጥ «ምግብ» ከማለት በቀር አፉን የማይከፍት ሰው፣ እዚያ ቆሞ ስለ ተለየችው ሴት፣ ስለሚያፏጭ መርከብ ሲያንጎራጉር ኪኑኮ ጥግ ላይ ተቀምጣ የሻርፗን ጫፍ ትፈትላለች። እሷ አትዘፍንም ነበር። አንድ ቀን «ለማን ነው የሚዘፍነው ብዬ አስባለሁ» አለችኝ። «ለማንም ቢሆን ግድ የለኝም። ለሆነ ሰው እንደሆነ ግን ይሰማኛል።»

የበረዶው ክረምት ሊገባ ሲል፣ አንድ ሐሙስ ከዘፈኑ በኋላ፣ ሦስታችን በወንዙ ዳር ወደ ቤታችን እንመለስ ነበር። እኔ ጥቂት ቀደም ብያለሁ። ከኋላዬ ቶዮዞ ሲናገር ሰማሁ፤ እንደ ወትሮው እየጮኸ።

«እናቷ።» ልጃቸው ከተወለደች ጀምሮ ሚስቱን የሚጠራት እንዲህ ነው።

«አቤት።»

«በሚመጣው ሐሙስ እኔ ከጣሳው ፊደል አላወጣም። አንድ ዘፈን መርጫለሁ።»

«ደንቡስ?»

«ደንቡ ይቅር። ላንቺ ነው የምዘፍነው።»

ኪኑኮ ቆመች። እኔም ቆምኩ፤ ግን ዞሬ ማየት አፈርኩ።

«የቱን ዘፈን?» አለች ቀስ ብላ።

«ስትሰሚው ታውቂዋለሽ» አለና መንገዱን ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ ቤታቸው እስኪደርሱ አንድ ቃል አልወጣውም። ኪኑኮ ግን በማግስቱ ጠዋት እኔ ቤት መጥታ ያንን ንግግር ከላይ እስከ ታች ደግማ ነገረችኝ፤ እኔ ያልሰማሁ ይመስል። ጉንጯ ቀልቶ ነበር። ለሐሙስ የምትለብሰው ሹራብ የቱ እንደሚሻል ጠየቀችኝ።

ሐሙስ ሳይደርስ፣ ቶዮዞ በራፉ ላይ የጫማውን ማሰሪያ ሲያስር ወደ ጎን ወደቀ።

ስትሮክ ነው አሉ፤ ሆስፒታል ሰነበተ። ሲነቃ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙትም፤ አፉም አንድ ድምፅ ብቻ ነበር የሚያወጣው። «ሚ» ይላል። ውሃ ሲሰጡት «ሚ»፤ ሲያገላብጡት «ሚ»፤ ስጠይቀው እኔንም ዓይን ዓይኔን እያየ «ሚ»። ድምፁ አልተለወጠም፤ ያው ወፍራሙ ድምፅ ነው። ያ ነው የባሰው።

የንግግር ሕክምና የሚሰጠው አሳኑማ የሚባል ትሑት ወጣት ነበር። ኪኑኮን ለብቻዋ አስቀምጦ ሲያስረዳት እኔም አጠገቧ ነበርኩ።

«አንዳንድ ሰው ላይ አንድ ድምፅ ተጣብቆ ይቀራል» አላት። «ሲርባቸውም፣ ሲናደዱም፣ ሲያመሰግኑም የሚወጣው እሱ ነው። ትርጉም እንዳይፈልጉለት ብዬ ነው። ብዙ ቤተሰብ እዚያ ላይ ይደክማል።»

«እርስዎ ባሌን ያወቁት ከታመመ ወዲህ ነው» አለች ኪኑኮ።

«እሱስ ልክ ነው።»

«እኔ ደግሞ ምን ሊለኝ እንደነበረ አውቃለሁ። ዘፈን መርጦ ነበር። የዘፈኑን መጀመሪያ እየነገረኝ ነው።»

አሳኑማ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔም ወደ መሬት።

ከሆስፒታል እንደወጣ ኪኑኮ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ወደ ሂሳዮ ቤት ይዛው መጣች። በረዶው መንገድ ላይ ተቆልሎ ስለነበር ጌንኪቺና ሂሳዮ ወንበሩን ተሸክመው አስገቡት። ኪኑኮ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

«ሂሳዮ፣ ጣሳውን ተዪው። ዛሬ ፊደሉ ‹ሚ› ነው» አለች።

«እትዬ፣ ‹ሚ› እኮ ብዙ ነው» አለች ሂሳዮ።

«ብዙ ይሁን።»

እውነትም ብዙ ነበር። እኛ የባሕር ዳርቻ ሰዎች ነን። ወደብ «ሚናቶ» ነው፣ ውሃ «ሚዙ» ነው፣ መንገድ «ሚቺ»፣ ደቡብም «ሚናሚ»። መርከበኛው፣ ስደተኛው፣ የተከዳችው ሴት፣ የሰከረው ወንድ፣ ሁሉም በ«ሚ» ነው የሚያለቅሰው። ገጹ ተገልጦ ተገልጦ አያልቅም። ኪኑኮ ከመጀመሪያው ጀመረች። ዘፍና የማታውቅ ሴት ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ በዚያች ቀጭን ድምፅዋ፣ የማታውቀውን ዜማ ከስክሪኑ ላይ እያነበበች ታሳድዳለች። ዘፈኑ ሲያልቅ ባሏ ፊት ትንበረከካለች።

«አባቷ፣ ይሄ ነው?»

«ሚ።»

«አይደለም? እሺ፤ ወደሚቀጥለው።»

አንዳንዴ ራሱን ይነቀንቃል፤ ያን ጊዜ ፊቷ ይበራል። ግን ሂሳዮ ኩባያ ስታቀርብለትም እንዲሁ ይነቀንቃል። ኪኑኮ ይህን አላየችም አልልም፤ አይታ አለፈችው።

እንዲህ እያልን ክረምቱን ገፋነው። መጀመሪያ ሁላችንም አገዝናት። ጌንኪቺ ድምፁ እስኪዘጋ ስለ ወደብ ዘፈነ። እኔም የማልችለውን ዘፈንኩ። በኋላ ግን ሰው መቅረት ጀመረ፤ አንዱ ጉልበቴን አመመኝ አለ፤ ሌላው በረዶ ልጥረግ አለ። ማንም ሐሙስ ከሰዓቱን የሰው ሐዘን እየዘፈነ መዋል አይችልም። አንድ ቀን ጌንኪቺ ማይክሮፎኑን ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

«ኪኑኮ፣ ሰውየው ደክሞታል» አላት።

«አንተ ደክሞህ ከሆነ ቅር።»

«ስለ እኔ አይደለም የማወራው። መጽሐፉን ስትገልጪ ፊቱን አይተሽዋል? ወደ ግድግዳው ነው የሚያዞረው። እኔ ይህን ሰው ስንት ዘመን ስቀናበት ኖሬያለሁ። እንዲህ ሆኖ ማየት አልችልም።»

«ስለማናገኝለት ነው የሚናደደው» አለች ኪኑኮ። «ስናገኝለት ያቆማል።»

ጌንኪቺ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

አሁን ስለ ልጃቸው ልናገር። ሚሳኦ ትባላለች። ብቸኛ ልጃቸው ናት። አባቷ ያጨላትን የባንክ ሠራተኛ ትታ፣ ሚስቱን የፈታ የአንድ ልጅ አባት ወድዳ ወደ ሴንዳይ ከተማ ሄደች። ያን ቀን ቶዮዞ በር ላይ ቆሞ «ከዛሬ ወዲያ ልጅ የለኝም» አላት፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማ፤ ድምፁ ያው ነውና። ከዚያ በኋላ ስትደውል ስልኩን ለኪኑኮ ይሰጥና ወደ ጓሮ ይወጣል። እሷም ደውሎ ይጠራኛል እያለች፣ እሱም መጥታ ይቅርታ ትጠይቀኛለች እያለ፣ ዓመታቱ ሄዱ።

ሆስፒታል በተኛ ሰሞን መጥታ አልጋው አጠገብ ስትቆም ዓይኑን ከፍቶ አያትና «ሚ» አለ። ሚሳኦ እዚያው ወለሉ ላይ ተንበረከከች። «ጠራኝ» አለች። «አባዬ ስሜን ጠራኝ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ በባቡር እየተመላለሰች ታየው ነበር። ኪኑኮ ስለዚህ ነገር ከልጇ ጋር ክፉ ደግ ተነጋግራ አታውቅም። አንዷ ስትገባ ሌላዋ ወደ ኩሽና ትሄዳለች።

በረዶው መቅለጥ በጀመረበት አንድ ሐሙስ ሚሳኦ አባቷን ፍለጋ ቀጥታ ወደ ሂሳዮ ቤት መጣች። የቀረነው ሂሳዮ፣ ኪኑኮ፣ ቶዮዞና እኔ ብቻ ነበርን። ኪኑኮ ስለ አንድ ደሴት የሚናገር ዘፈን ጨርሳ ባሏ ፊት ተንበርክካለች።

«ይሄ ነው፣ አባቷ?»

«እማዬ፣ መጽሐፉን ዝጊው» አለች ሚሳኦ ከበር ላይ።

«ጥቂት ነው የቀረው። ይህችን ገጽ ልጨርስ።»

«ዘፈን አይደለም እኮ። ስሜን ነው የሚጠራው። ስንት ወር ሙሉ ሲጠራኝ አንቺ ዘፈን ታዘፍኚበታለሽ?»

ኪኑኮ አልዞረችም። «አንቺን ሊጠራ ቢፈልግ ኖሮ ስልክ ነበረ» አለች።

 ሚሳኦ ከንፈሯ ነጣ።

«ላንቺስ?» አለች። «ሊዘፍንልሽ ቢፈልግ ኖሮ ዕድሜ ልኩን ነበረው።»

ቶዮዞ አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ ልጁን ያያል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። አፉን ከፈተ፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። «ሚ» አለ። ዘግቶ እንደገና ከፈተ። «ሚ። ሚ።» አንድ ሌላ ነገር ከታች ሊያወጣ እንደሚታገል ታያላችሁ፤ በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ያችው አንዲት ድምፅ ተቀምጣለች። በግራ እጁ መጽሐፉን ከጠረጴዛው ላይ ገፍቶ ጣለው፤ ሻዩም አብሮ ተደፋ። ከዚያ አለቀሰ። ቶዮዞን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሕፃን እንደሚያለቅስ፣ አፉን ከፍቶ፣ ፊቱን ሳይሸፍን።

ሂሳዮ የምታደርገው ስለጠፋት የማሽኑን ቁልፍ ተጫነች። ለቅሶውን ለመሸፈን ብላ ነው እንጂ አስባበት አይደለም። የመጣው በእኛ ወንዝ ግንድ የሚያወርዱ ሰዎች የሚዘፍኑት የድሮ ዘፈን ነበር፤ መሰንጠቂያው ክፍት ሳለ ሠራተኞቹ ለአዲስ ዓመት አብረው ይሉት የነበረ። በ«ሚ» አይጀምርም። በ«ሚ» የሚጀምር ስንኝ እንኳ የለውም።

ቶዮዞ እንባው ሳይደርቅ ዘፈነው።

መጀመሪያ የማሽኑ ድምፅ መስሎኝ ነበር። ቃሉ ከነሙሉነቱ ነው፤ ወንዙ፣ ገመዱ፣ ከተራራው የሚወርደው የቀለጠ በረዶ፣ አንድም ሳይጎድል። ጫፉ ላይ የሚንቀጠቀጠው ያ ድምፅ። ሂሳዮ አፏን በእጇ ያዘች። ሚሳኦ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ኪኑኮ ብቻ አልተነቃነቀችም፤ በጉልበቷ እንደቆመች ከንፈሩን ከንፈሩን ታያለች፤ ውሃ የጠማው ሰው ምንጭ እንደሚያይ።

ዘፈኑ አለቀ። ኪኑኮ እጁን ያዘችው።

«አባቷ፣ አሁን በል» አለች። «መንገዱ ተከፍቷል። ዝም ብለህ በል። ስሜን በለኝ። ኪ… በል። ኪ…»

አፉን ከፈተ። 

«ሚ» አለ።

እኔ እንደማስበው እስከዚያች ቀን ድረስ ራሱን በደንብ አልሰማም ነበር። ጆሮውም ደካማ ነው፤ ልቡ ውስጥ የሚለው ነገር በውጭም የሚሰማ ይመስለው ይሆናል። ያን ጊዜ ግን ሰማው። ፊቱ ላይ አየሁት። ከንፈሩን ገጠመ። ከዚያች ቀን በኋላ በፈቃዱ አልከፈተውም፤ ለምግብ እንኳ ኪኑኮ በማንኪያ ነበር ቀስ ብላ የምታስከፍተው።

አሳኑማ ሲነገረው አልገረመውም። ዘፈን በአእምሮ ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ ሌላ ነው፤ ንግግር የጠፋው ሰው ሊዘፍን ይችላል፤ ይህም ለሕክምናው መልካም ነው፤ ቀስ እያልን እንሞክራለን አለ። ኪኑኮ ሰምታ ሰምታ «የዘፈኑ ቃል የሌላ ሰው ነው» አለችው። «የሱ የራሱ ያቺ አንዷ ነበረች። እሷንም አስጣልነው።»

ዝናቡ በገባበት ወራት ስትሮኩ ሁለተኛ ጊዜ መታው፤ ከዚያኛው አልተመለሰም። ጸጥ ብሎ ነው የሄደው። ኪኑኮ ኩሽና ነበረች፤ ሚሳኦ ሴንዳይ።

አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ አጥንት ለመልቀም የገባነው ጥቂት ሰዎች ነን። ጌንኪቺም መጥቶ ነበር፤ ጥግ ላይ ቆሞ ኮፍያውን ይጠመዝዛል። እንደ ወጉ ሁለት ሁለት እየሆንን፣ አንዱን አጥንት ሁለት ሰው በረጅም የእንጨት ቾፕስቲክ አንሥቶ አጽሙ በሚቀመጥበት ማሰሮ ውስጥ ያኖረዋል፤ ከእግር ተጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። የመጨረሻዋ የጉሮሮ አጥንት ናት። እሷን የሚያነሡት ከሁሉም ቅርብ የሆኑት ናቸው። የቦታው ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አመለከታቸው።

«ሳትሰበር ሙሉዋን ተገኝታለች» አለ። «እንዲህ መልካም ሆና የምትተርፍ ጥቂት ናት።»

እናትና ልጅ በሁለት ወገን ቆሙ።  መጀመሪያ ሲሞክሩ ተንሸራታ አመለጠቻቸው። «ቀስ በይ» አለች ኪኑኮ፤ «እሺ» አለች ሚሳኦ፤ አነሷት፤ ማሰሮው ውስጥ ገባች። እኔ ያን ጊዜ የሚታረቁ መስሎኝ ነበር። ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት ካልታረቀ መቼ ይታረቃል? ግን ሚሳኦ ከቀብሩ ሥርዓት በኋላ በመጀመሪያው ባቡር ሄደች። እሷ አባቷ ጠርቷት እንደሞተ ታምናለች። ኪኑኮ ልጇ ያመነችውን አትቃወምም፤ ግን እንዲህ ከሚያምን ሰው ጋር መኖር አትችልም። በስልክ ስለ አየር ጠባይ ያወራሉ።

ባለፈው ሳምንት ከጀልባ የወረደ ትኩስ ዓሣ አግኝቼ ይዤላት ሄድኩ። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፤ ድምፁ ግን ተዘግቷል። ሐሙስ አብረን እንሂድ ብዬ ጠየቅኋት፤ ሰዎቹ ተመልሰዋል፣ ሂሳዮም ትጠይቅሻለች አልኳት።

«ሂጂ አንቺ» አለች።

«ቤት መዋል አይሰለችሽም? ጸጥታው እኮ ሰው ይገድላል።»

«ጸጥታውንማ ድሮም አውቀዋለሁ» አለች። «ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት በሱ ውስጥ ነው። ያኔ ግን ዝም ሲል ውስጡ ምንም የለም እያልኩ ነበር የምኖረው። እንደዚያ ስትይ ይቀላል። አሁን ግን የሆነ ነገር እንደነበረ አውቃለሁ። ምን እንደነበረ ደግሞ የሚነግረኝ የለም። ከዚህ ጋር እንዴት ይኖራል?»

 ዓሣውን አጽድቼ፣ ግማሹን ጨው ነስንሼ፣ ግማሹን ለእራቷ ጠብሼ አቀረብኩላት። ትንሽ ቆይቼ ሳይ አልነካችውም። ውጭ በረዶ መጣል ጀምሮ ስለነበር መስኮቷን ዘግቼላት ወጣሁ።